የሲስተር ኖራን ቁርስ ፍለጋ

ከቺካጎ ከተመለስኩ ወዲህ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ፎቁና ስለ በረዶው ነው። ፎቁን አንገቴ እስኪያመኝ ቀና ብዬ አይቻለሁ። በረዶውንም ረግጬ ወድቄበታለሁ። እኔ ግን ከዚያ አገር ይዤ የመጣሁት የአንድ ቁርስ ወሬ ነው። ብዙዎቻችሁ ያንን ከተማ አታዩትም፤ እኔም ልጄ እዚያ ባትወልድ ኖሮ አላየውም ነበር። ስለዚህ ከመነሻው ጀምሬ በሆነበት ቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ለማታውቁኝ፣ አማረች እባላለሁ። ሌሞ ገጠር ተወልጄ፣ ሆሳዕና ውስጥ አዋላጅ ነርስ ሆኜ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። በቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ኅብረት ውስጥም አገለግላለሁ። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ በኋላ የምነግራችሁ ነገር ለምን እንደከበደኝ እንዲገባችሁ ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ ሲስተር ኖራ ናቸው። አየርላንዳዊት ናቸው። ገና በወጣትነታቸው መጥተው፣ ቦኖሻ አጠገብ በነበረው የሚሲዮን ክሊኒክ ጸጉራቸው እስኪሸብት አዋልደዋል። በሻሾጎ ቀበሌዎች ውስጥ በሳቸው እጅ ያልተወለደ ጎልማሳ ማግኘት ያስቸግራል። ጡረታ ወጥተው አገራቸው ሲገቡ የቀረ ዘመድ አላገኙም፤ ቺካጎ የምትኖረው የወንድማቸው ልጅ ወሰደቻቸው። ከዚያ በኋላ የምንሰማው መታመማቸውን ብቻ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ገና ሳይነጋጋ ከሆሳዕና መናኸሪያ ተነሣሁ። ልጄን ሕይወትን አራስ ልጠብቃት ነው የምሄደው፤ ሻንጣዬ ግን የሷ ብቻ አልነበረም። ወደዚያ ከተማ መሄዴ ሲወራ የቦኖሻ ሴቶች ቤቴ ድረስ መጥተው ነበር። ቡላ አመጡ፤ ቅቤ አመጡ፤ ራሳቸው የፈተሉትን ጋቢ አመጡ። «አታካና ሠርተሽ አብያቸው፤ እሱን ከበሉ ይነሣሉ» አሉኝ። አታካና ቡላ በቅቤና በወተት ተሠርቶ ለአራስና ለክብር እንግዳ የሚቀርብ የሀዲያ ምግብ ነው። ሲስተር ኖራ በሄዱበት ቤት ሁሉ ሲበሉት አይተናል።

ረዳቱ ሻንጣዬን ጣራ ላይ ሊጭን ሲል እምቢ አልኩ፤ ቅቤውን እግሬ ሥር አድርጌ ሄድኩ። ወራቤን ስናልፍ ፀሐይ ወጣች። ቡታጅራ ቁርስ ለመብላት ወረድን። አጠገቤ የተቀመጠው የዱራሜ ሰው፣ መምህር ነው፣ የእንቁላል ፍርፍሩን ወደኔ እየገፋ፣ «እማማ፣ ይህ የቅቤ ሽታ እኮ አሜሪካ ድረስ ይከተልዎታል» አለኝ። ሳቅን። ሒሳቡን እኔ ልክፈል ብል ሞቼ እገኛለሁ አለ። ልጄ ወዳለችበት እንደምሄድ ሲሰማ ደግሞ መናኸሪያ ደርሰን ታክሲ እስክይዝ ድረስ ሻንጣዬን ተሸክሞልኝ ሄደ።

አዲስ አበባ የእህቴ ልጅ ቤት አድሬ በማግስቱ ተሳፈርኩ። ስለ አውሮፕላኑ ብዙ የምለው የለኝም። ሰው ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ ምንም ሳይሠራ እየተቀሰቀሰ የሚበላበት ቦታ ነው። በእኛ ዘንድ እንዲህ የሚቀመጠው አራስ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ቺካጎ ስንደርስ የጉምሩክ ሰው ሻንጣዬን አስከፈተኝ። ቡላው ነጭ ዱቄት ነው፤ በፕላስቲክ ተጠቅልሏል። ሰውየው ዱቄቱን አየ፤ እኔን አየኝ፤ እንደገና ዱቄቱን አየ። ከምን እንደተሠራ ጠየቀኝ። እንሰት በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ጠፋኝና «ሙዝ ከሚመስል፣ ግን ሙዝ ከማያፈራ ተክል ነው» አልኩት። ይህ መልስ ነገሩን አባባሰው። ሌላ ሰው ጠራ፤ ያም ሌላ ጠራ። በመጨረሻ አንዲት ጠና ያለች ሴት መጥታ ዱቄቱን መረመረችና ምግብ ነው አለች። ያኔ ነው ቅቤው ቀልጦ ጋቢው ላይ መፍሰሱን ያየሁት። ስንት እጅ የፈተለው ጋቢ! እዚያው ሰው ፊት ቆሜ እንባዬ መጣ። ሴትዮዋ የወረቀት ፎጣ አምጥታ አብራኝ ስትጠርግ ቆይታ፣ ሁሉንም አጣጥፋ መልሳ አሸገችልኝ። ስሟን አላውቅም፤ እግዜር ይስጣት።

የልጄ ቤት ከተማው ሰሜን ጫፍ፣ ባቡር በብረት ድልድይ ላይ በመስኮት ትይዩ የሚያልፍበት ሰፈር ነው። ባቡሩ ባለፈ ቁጥር ብርጭቆው ይንቀጠቀጣል፤ ሕፃኑ ግን አይነቃም። በእኛ አገር አራስ ቤት ሰው አይጠፋም፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። እዚህ ጠያቂው ስጦታውን በር ላይ አስቀምጦ በስልክ «ደርሷል» ይላል። መጀመሪያ ላይ ፍቅር የሌላቸው መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን የታችኛው ፎቅ ጎረቤት በየቀኑ ትኩስ ሾርባ በር ላይ እያስቀመጠች ሳታንኳኳ እንደምትወርድ አየሁ። ልጄን ለምን አትገባም ብላት፣ «እማዬ፣ እንዳትቀሰቅሰን ፈርታ ነው» አለችኝ። የነሱ አክብሮት ለካ በር ላይ መቅረት ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሲስተር ኖራ የወንድም ልጅ በመኪና መጥታ ወሰደችኝ። ክሌር ትባላለች፤ አስተማሪ ናት፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። መንገድ ላይ «አክስቴ መብላት አቁማለች» አለችኝ። «ሐኪሙ ከእንግዲህ የምትወደውን ስጧት ብሏል። ችግሩ የምትናገረው አይገባንም።»

ሲስተር ኖራ ያሉበት የአረጋውያን ማረፊያ ንጹሕ ነው፤ ሞቃት ነው፤ ጸጥ ያለ ነው። እኒያ በፈረስ ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጡ የነበሩ ሴት አልጋው ላይ የሕፃን ያህል አንሰው አገኘኋቸው። ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ስስም ዓይናቸውን ገለጡ።

«አማሬ» አሉኝ። «እንዴት መጣሽ? መንገዱ ጭቃ አለው?»

ይህን ያሉት በአማርኛ ነው፤ እሱም የሀዲያ ሰው በሚናገረው አማርኛ፣ ቃሉን ጫን እያደረጉ። በር ላይ የቆመችው አስታማሚ አፏን ይዛ ቀረች። ለብዙ ሳምንት ሲናገሩ የነበሩት አእምሯቸው ተናውጦ የሚያወጡት ድምፅ መስሏቸው ነበር። ክሌር ግድግዳው ላይ ተደግፋ «ቋንቋ ነው? ሰው የሚሰማው ቋንቋ ነው?» እያለች ትጠይቀኛለች። አዎ ነው፤ ስለ መንገዱ ነው የሚጠይቁኝ አልኳት።

ጠዋት ልጄ ቤት የሠራሁትን አታካና በፔርሙስ ይዤ ነበር። ከፍቼ «የቦኖሻ ሴቶች ልከውልዎት ነው» ብዬ በማንኪያ አቀረብኩላቸው። ሲሸታቸው ፈገግ አሉ። አንድ ጊዜ ቀመሱ። ከዚያ እጃቸውን እጄ ላይ አድርገው ማንኪያውን ቀስ ብለው መለሱት።

«ተባረኩ በያቸው። የነሱ እጅ ነው፤ አወቅሁት። ግን አማሬ፣ ይህን አይደለም የምፈልገው።»

«ምን ላምጣልዎት ሲስተር?»

«የአባቴን ቤት ቁርስ። የእሑዱን።»

ከዚያ እያረፉ ነገሩኝ። በመጥበሻ ላይ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ። ነጭ ቋሊማ። ከአሳማ ደምና ከእህል የሚሠራ ጥቁር ቋሊማ። እንቁላል፣ ቲማቲም። ያለ እርሾ፣ በሶዳና በአሬራ የሚነሣ ጥቁር ዳቦ፣ ቅቤ ተቀብቶ። ሻይ፣ ማንኪያ የሚያቆም ወፍራም ሻይ።

እኛ ወንጌላውያን በመብል አንኰነንም እንላለን፤ ነገር ግን እኔ ባደግሁበት ቤት አሳማ ስሙም ማዕድ ላይ አይነሣም። ደም ደግሞ በሐዲስ ኪዳንም የተከለከለ ነው። ሲስተር ኖራ ይህን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ያን ሁሉ ዘመን ቦኖሻ ተቀምጠው ስለዚህ ምግብ አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

«ለምን ነግረውን አያውቁም?» አልኳቸው።

«በሰው ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

በሰው ቤት አሉ። እኛ የራሳቸው ቤት መስሎን ነበር። ይህች ቃል ልጄ ቤት እስክገባ ድረስ ደረቴ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ክሌር መሃል ከተማ ካለ የአየርላንድ ምግብ ቤት አስጠቅልላ አመጣች። ቤቱ ዝነኛ ነው አሉ፤ በሩ አረንጓዴ ነው፤ ወንበሩ አረንጓዴ ነው፤ የአስተናጋጆቹ ቀሚስም አረንጓዴ ነው። ሣጥኑን ስንከፍተው ሥጋው እንደ ቅጠል የሳሳና የተንኮሻኮሸ ነው፤ ቋሊማው ይጣፍጣል፣ ስኳር ገብቶበታል፤ ጥቁሩ ደርቆ እንደ ከሰል ሆኗል። ሲስተር ኖራ ሽታውን ሳቡ፣ አዩት፣ ለብዙ ሳምንት ርቋቸው በነበረው እንግሊዝኛ ክሌርን አመሰገኗት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ «ጥሩ ነው፤ ግን አይደለም» አሉኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

ነገሩ ገባኝ። አዲስ አበባ ትልልቅ ሆቴሎች ውስጥ የሀዲያ ቆጮ ብለው በሰፌድ ላይ በአበባ አስጊጠው ሲያቀርቡ አይቻለሁ። ስሙ አለ፤ ቆጮው የለም። ክሌር ግን አልገባትም፤ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ አለቀሰች። እሷ አሜሪካ የተወለደች ናት፤ የአያቷን ቤት ቁርስ ቀምሳ አታውቅም። ለካ ሁለታችንም ያልቀመስነውን ነው የምንፈልገው።

ሐሙስ ዕለት ብቻዬን ወጣሁ። ልጄ ተቆጣች፤ «እማዬ፣ በዚህ በረዶ? ሰው ጤፍ ፍለጋ እንኳ በእንዲህ ያለ ቀን አይወጣም» አለችኝ። ክሌር ከሥራ ባልደረቦቿ ጠይቃ፣ የአየርላንድ ሰዎች የሚበዙበት ሰፈር ደቡብ ጫፍ እንደሆነና እዚያ ከአገራቸው የመጣ ዕቃ የሚሸጥ ሥጋ ቤት እንዳለ ነግራኝ ነበር። ባቡር ይዤ መጨረሻው ድረስ ሄድኩ። ከሆሳዕና ወራቤ የሚያደርስ ጊዜ ተጉዤ አሁንም ያው ከተማ ውስጥ ነኝ። ከዚያ አውቶቡስ ያዝኩ፤ ያለቦታዬ ወረድኩ። አውቶቡሱ ሲሄድ ዙሪያዬ ሁሉ ነጭ ሆነብኝ። ሰው የለም። ሆሳዕና ውስጥ የጠፋ ሰው ባጃጅ ይጠራል፤ ገጠር ቢሆን ጋሪ ያልፋል፤ ጋሪም ባይኖር «ማነሽ? የማን ልጅ ነሽ?» የሚል አይጠፋም። እዚህ ስወድቅ ያየኝም አልነበረም። ተነሥቼ በረዶዬን አራግፌ እዚያው ቆምኩ።

የሚቀጥለው አውቶቡስ ሲመጣ ሾፌሯ ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። የያዝኩትን አድራሻ በስልኬ ላይ አይታ «ግቢ፣ እጅሽን ማሞቂያው ላይ አድርጊ» አለችኝ። ለማን እንደምሄድ ነገርኳት። ጆሮዋን ሰጥታ እየሰማች ነዳች። ሥጋ ቤቱ ፊት ለፊት ማቆሚያ የለም፤ እሷ ግን አቆመች። ከኋላ አንድ ሰው አጉረመረመ። «እናትየዋ ለታመመ ሰው ምግብ ፍለጋ ናት» አለችው ጮክ ብላ።

ሥጋ ቤቱ ተዘግቷል። መስታወቱ ላይ በበረዶው ምክንያት ዛሬ አንከፍትም የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ያን ሁሉ መንገድ! ከአጠገቡ ግን ጭስ የሚወጣባት፣ መስኮቷ በእንፋሎት የደበዘዘ ትንሽ ቁርስ ቤት አለች። ለመሞቅ ብዬ ነው የገባሁት። ስገባ የሥጋው ሽታ ሲመታኝ አፍንጫዬን በነጠላዬ ሸፈንኩ፤ አልሸሽግም። ባለቤቷ ስልሳን ያለፈች፣ ክንደ ወፍራም፣ ጉንጯ የቀላ ሴት ናት፤ ሞሪን ትባላለች። ጫማዬ መርጠቡን አይታ ሳልጠይቃት ሻይ አመጣች። ሻይዋን ሳይ ማንኪያ የሚያቆም የተባለው ትዝ አለኝና ጉዳዬን ነገርኳት።

እጇን በሽርጧ አድርቃ ከፊቴ ተቀመጠች። «ከየትኛው አውራጃ ናት?» አለችኝ።

አየርላንድ አልኳት። ሳቀች፤ ሣቋ ግን ክፉ አልነበረም። «አየርላንድማ ነው። ከየት?»

አላውቅም ነበር። ክሌርን ደውዬ ጠየቅሁ፤ ኮርክ አለችኝ። ሞሪን ራሷን ነቀነቀች። እሷ የሌላ አውራጃ ሰው ናት። ቋሊማው እንደየአውራጃው እንደሚለያይ፣ አንዱ ቅመም እንደሚያበዛ፣ አንዱ ገብስ እንደሚያስገባ አስረዳችኝ። ይህን እንኳ ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልግም ነበር። የሀዲያንና የከምባታን ቆጮ አንድ ነው የሚል ሰው አንጋጫ ገበያ ላይ ቢገኝ ምን እንደሚባል አውቃለሁና።

«ጠቅልለሽ ትሰጪኛለሽ?» አልኳት።

«አልሰጥሽም» አለችኝ። ደነገጥኩ። «ሣጥን ውስጥ ከገባ ይሞታል። የማክሰኞውም የሞተው ለዚህ ነው። ምግቡ ወደሷ አይሄድም፤ እሷ ወደ ምግቡ ትምጣ። ቅዳሜ አምጧት። ሥጋ ቤቱን እኔ አስከፍተዋለሁ።» ከዚያ ካፖርቷን ደርባ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኘችኝ፤ አውቶቡሱ እስኪመጣም ክንዴን ይዛ ቆመች።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ክርክር ነበር። የማረፊያው ኃላፊ ቀና ሴት ናት፤ ግን ሥጋቷን አልደበቀችም። ትን ሊላቸው ይችላል፤ ብርዱ ሊጎዳቸው ይችላል፤ ከበር ከወጡ ኃላፊነቱ የቤተሰብ ነው። ክሌር ፊቷ ነጣ። ኮሪደር ላይ ይዛኝ ወጣች።

«መኪናዬ ውስጥ ብትሞትብኝስ?»

ትን እንዳይላቸው ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥን፣ እህሉን አድቅቆ በትንሽ በትንሹ መስጠትን እችላለሁ፤ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ሞትን ግን አላስቀርም።

«ክሌር» አልኳት፣ «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በሰው አልጋ አጠገብ ቆሜአለሁ። ሊሞቱ ይችላሉ። እዚህም ሊሞቱ ይችላሉ። ግን የለመኑን አንድ ነገር ነው።»

እንባዋን ጠርጋ ገባችና ፈረመች።

ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ቅቤ የፈሰሰበትን ጋቢ ልጄ ደጋግማ አጥባው ነበር፤ ሽታው ግን አልለቀቀም። ሲስተር ኖራን በሱ ጠቅልዬ በተሽከርካሪ ወንበር አወጣናቸው። መኪናው ውስጥ ጭንቅላታቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ተኙ። ክሌር በየመብራቱ በመስታወት ታየኛለች፤ እኔ የደም ሥራቸውን ይዤ «አለን፣ ሂጂ» እላታለሁ።

ቁርስ ቤቷ በር ላይ ደረጃ አለ። ሞሪን ይህን አላሰበችውም ነበር፤ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ውስጥ ይበሉ የነበሩ ወንዶች ግን ሳይጠሩ ተነሥተው ወጡ፤ ወንበሩን በአራት ማዕዘን ይዘው አነሡት። ቦኖሻ ክሊኒክ ምጥ የጠናባቸው ሴቶች በቃሬዛ፣ በጎረቤት ትከሻ ሲመጡ፣ በር ላይ ቆመው የሚቀበሉት ሲስተር ኖራ ነበሩ። ዛሬ እሳቸው በሰው እጅ ገቡ።

የጥብሱ ጭስ ሲነካቸው ነቁ። አፍንጫቸው ተንቀሳቀሰ። ሞሪን ሳህኑን ራሷ አምጥታ ፊታቸው አኖረችው። ሁሉም አለበት፤ ጥቁሩም አለ፤ ዳቦው ገና ይጨሳል። ሲስተር ኖራ ለረጅም ጊዜ ሳይነኩ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አማሬ፣ ባርኪልኝ።»

በዕድሜዬ ብዙ ማዕድ ባርኬአለሁ። በሠርግ፣ በለቅሶ፣ በአራስ ቤት ባርኬአለሁ። በዚያ ሳህን ላይ ግን አሳማ አለ፤ ደም አለ። በቤተ ክርስቲያን ያሉት እህቶቼ ፊቴ መጡ፤ እናቴም፣ ነፍሷን ይማርና፣ መጣች። ሲስተር ኖራ አልገፋፉኝም፤ እንደ ጥንቱ፣ ተማሪ ምጥ አጠገብ ሲያቆሙ እንደሚያደርጉት፣ ዝም ብለው ጠበቁኝ። እጄን በሳህኑ ላይ ዘረጋሁና በሀዲይኛ ጸለይኩ። እኛ ቤት የእንግዳ ማዕድ የሚባረከው በዚያ ስለሆነ ሌላ ቋንቋ አልመጣልኝም። አሜን ብዬ ዓይኔን ስገልጥ ያ ሁሉ ሰው ሹካውን አስቀምጦ፣ ወንዶቹ ቆባቸውን አውልቀው ቆመው ነበር። ምን እንዳልኩ አንዱም አልሰማም።

ሥጋውን በገዛ እጄ አደቀቅሁት። ጥቁሩንም ቆረስኩ። በትንሹ አጎረስኳቸው፤ እስኪውጡ ጠበቅሁ፤ እንደገና አጎረስኳቸው። ዓይናቸው ተዘግቶ እንባ በጉንጫቸው ወረደ፤ መንጋጋቸው ግን አላቆመም። ዳቦውን ሊቆርሱ ሲሞክሩ ክሌር ልትረዳቸው እጇን ሰደደች፤ አይ አሏትና ራሳቸው ቆረሱት። ግማሹን ለሷ ሰጧት። ቅቤ የተቀባውን አንድ ቁራሽ ለኔ ዘረጉልኝ።

«ይህን ብዪ። ያኛውን አትንኪው፤ ላንቺ አይሆንም» አሉኝ። በዚያ ሁሉ መሃል ይህን አልረሱም።

ሻይ ሲጠጡ ነው ነገሩን የነገሩን፤ ለክሌር በእንግሊዝኛ፣ ለእኔ በአማርኛ፣ እያቀላቀሉ። ከአገራቸው የወጡበት ቀን እሑድ ነበር። አባታቸው ከሌሊት ተነሥተው ይህንኑ ቁርስ ሠርተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ሲስተር ኖራ ወጣት ናቸው፤ ልባቸው መርከቡ ላይ ነው፤ አንድ ጉርሻ አልወረደላቸውም። «ስመለስ እበላዋለሁ አልኩት። እሱም እሺ አለ፤ በሩ ላይ ቆሞ ማንኪያውን እንደያዘ።» አባታቸው ሲሞቱ ሲስተር ኖራ ቦኖሻ ነበሩ፤ ክረምት ነበር፤ መንገዱ ተቆርጦ ነበር። መርዶው ሲደርሳቸው ከተቀበሩ ወር አልፏቸው ነበር። መርዶው በደረሰበት ቀንም ሴት ማዋለዳቸውን ነገሩን።

ሳህኑ ባዶ አልሆነም፤ አቅማቸው የቻለውን ያህል በሉ። ከዚያ ራሳቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው «ጠገብኩ» አሉ። ሞሪን ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሒሳብ ስናነሣባት ተቆጥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ድስት ስታንኳኳ ይሰማናል፤ አትወጣም። በኋላ ስትመጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ሲስተር ኖራ አልተነሡም። ሞሪን ሁለት ጊዜ ዳቦ ይዛ መጥታ ጠየቀቻቸው፤ ከንፈራቸው ላይ ቅቤ ብቻ ቀባንላቸው። እኔ ወደ አገሬ ልመለስ ስዘጋጅ አረፉ። ክሌርና እኔ አጠገባቸው ነበርን። ቀብራቸው አጭር ነበር፤ ጸሎት፣ መዝሙር፣ አበባ፤ ሰው ሰዓቱን አይቶ ተበተነ። ማንም ደረቱን አልመታም። ማንም ስማቸውን እየጠራ አልጮኸም። አፈሩ ሳይገባ እንኳ ወደ መኪና መሩን። ሞሪን ግን ከነሽርጧ፣ ካፖርት ደርባ መጥታ ነበር።

ሆሳዕና በገባሁ በሳምንቱ ቦኖሻ ድንኳን ተተከለ። አስከሬን የሌለበት ለቅሶ ነው። ሆኖም ከሌሞ በጋሪ፣ ከሙዱላ በአውቶቡስ፣ በእግርም ሰው መጣ። ሽማግሌዎቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ በኩል ተቀመጡ። እንዴት እንዳረፉ ንገሪን አሉኝ። መሃል ቆሜ መናገር ጀመርኩ። አታካናውን ቀምሰው መመለሳቸውን ስናገር፣ ያን ቡላ የሰጡኝ ሴቶች አንገታቸውን ደፉ። ያኔ ቁርሱን ዘልዬ ልለፈው አሰብኩ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች እዚያው ናቸው። ግን አልዘለልኩትም። የፈለጉትን ተናገርኩ፤ አሳማውን ተናገርኩ፤ ደሙን ተናገርኩ። በእጄ ቆርሼ እንዳጎረስኳቸው፣ ከዚያም በፊት እንደባረክሁት ተናገርኩ።

አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው መሬት መሬት አዩ። ከሴቶቹ ረድፍ እማማ ዳመነች ቀና አሉ። እማማ ዳመነች ከሁላችንም ያረጁ ናቸው። ልጆቻቸውን ሁሉ ሲስተር ኖራ ነው ያዋለዷቸው፤ ሲስተር ኖራን አንቺ ብለው የሚጠሩም እሳቸው ብቻ ነበሩ። ዓይናቸው ስለደከመ በድምፄ በኩል ፈለጉኝ።

«የአባቷ ቤት ምግብ ነው?» አሉኝ።

«አዎ እማማ። አባታቸው የሚሠሩላቸው ነው።»

«በላች?»

«በሉ።»

«ጠገበች?»

«‹ጠገብኩ› ብለውኛል፤ በአማርኛ።»

እማማ ዳመነች ምርኩዛቸውን ወደ ሌላው ጎን አዛውረው፣ አግዳሚው ላይ ፈቀቅ ብለው ከጎናቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉ።

«ነይ ተቀመጪ» አሉኝ። «አሁን እናልቅስላት።»